«ገና ናት» ባዩ ገመቹ

የገመቹን ሞት የነገረኝ ኦቦ ቶሎሳ ነው። ከወፍጮ ቤት ስመለስ መንገድ ላይ አገኘኝና ባርኔጣውን አወለቀ። እሱ ባርኔጣውን የሚያወልቀው ለቀብር ብቻ ስለሆነ ነገሩ ወዲያው ገባኝ። «ገመቹ አረፈ» አለኝ። ከአፌ መጀመሪያ የወጣው «ነፍስ ይማር» አልነበረም። «ይቅርታ ሳይጠይቀኝ?» ነው ያልኩት። ኦቦ ቶሎሳ አልተቀየመኝም። «እኔንም አልጠየቀኝም» አለ።

ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ሰው ስለ እሱ የሚለውን ስሰማ ዋልኩ። አንዷ «የዋህ ነበር» ትላለች። ሌላው «ሰው አስቀይሞ አያውቅም» ይላል። እኔን በየሳምንቱ ሲያስቀይመኝ እነዚህ ሰዎች የት ነበሩ? ሰው ስለሞተ ሌላ ሰው አይሆንም። እኔ የማውቀው ገመቹ እንደ በቅሎ ግትር፣ ጥያቄ ሲጠየቅ ጆሮውን እያሻሸ ወለል ወለሉን የሚያይ፣ ለአንዲት ቃል እንኳ የሚሰስት ሰው ነበር። የማልረሳውም ለዚሁ ነው። ደግ ደጉን ሌሎች ይናገሩ፤ እኔ እንደ ነበረ ነው የምጽፈው።

ገመቹ እዚህ ሰበታ የጁጂትሱ አሰልጣኝ ነበር። ጁጂትሱ ምን እንደሆነ ለማታውቁ፣ ቡጢም እርግጫም የለበትም። ሁለት ሰው ተያይዞ መሬት ላይ ይወድቅና አንዱ የሌላውን ክንድ ወይም አንገት እስኪይዝ ይታገላል። የተያዘው ሰው በቃኝ ሲል በእጁ ምንጣፉን ወይም የያዘውን ሰው መታ መታ ያደርጋል። ያኔ ይለቀቃል። ቂም የለም፤ ተነስተው ይጨባበጣሉ። መጀመሪያ ያየሁ ቀን እብዶች መስለውኝ ነበር። ደንቡን ስሰማ ግን ደስ አለኝ። በዚህ አገር ተሸናፊ መሸነፉን በገዛ እጁ የሚያሳውቅበት ሌላ ቦታ አላውቅም።

እሱ ይህን የተማረው አረብ አገር ነው። ለዘበኝነት ሄዶ የሚጠብቀው ቤት የጁጂትሱ አዳራሽ ሆነ። ወለል እየወለወለ ሲያይ ሲያይ አንድ ቀን «ና ግባ» አሉት። ብዙ ዓመት ቆይቶ ሲመለስ፣ ሌላው ወርቅና ቴሌቪዥን ይዞ ሲመጣ፣ እሱ አንድ ጥቁር ቀበቶና በትግል ብዛት የተጨማደዱ ሁለት ጆሮዎች ይዞ መጣ። ከጅማ መንገድ ገባ ብሎ ድሮ የሽንኩርት መጋዘን የነበረ ቤት ተከራየ። ከፋብሪካ የተጣለ የስፖንጅ ቁርጥራጭ አነጠፈ፤ ላዩ ላይ የከባድ መኪና ሸራ በራሱ እጅ ሰፍቶ ወጠረበት። ክረምት ሲመጣ ቤቱ እስከ ዛሬ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል።

የልጄ ልጅ ሃና ከትምህርት ቤት ስትመለስ በር ላይ ቆማ ስታይ ስታይ ገባች። እናቷ ለሥራ ከአገር ከወጣች ጀምሮ ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ ያሳደግኳትም በጥንቱ ወግ ነው። ትልቅ ሰው ሲገባ ትነሳለች። የመጨረሻውን ጉርሻ ለሌላ ትተዋለች። ታክሲ ውስጥ ወንበሯን ትለቃለች። ሽማግሌ ሲሳሳት አታርምም። ሰፈሩ «የአስካለን ልጅ ተመልከቱ» እያለ ይመርቃት ነበር፤ እኔም ጉራዬን እነዛ ነበር። አስካለ እኔ ነኝ።

አዳራሹ ውስጥ በሩ አጠገብ አንድ አግዳሚ አለ። እዚያ ተቀምጬ አያለሁ። ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ሰው ጣልቃ ሲገባ ዝም ብዬ አላውቅም፤ ልጄን የሰጠሁበትን ቤት ደግሞ ሥርዓቱን ሳላጣራ አልተውም። እና አንድ ነገር ልመስክርለት፤ ሥርዓት ነበረው። ሰዓቱ ሲደርስ በሩ ይዘጋል፤ ያረፈደ የማንም ልጅ ቢሆን ውጭ ይቀራል። አንድ የክረምት ቀን ዘግየት ብዬ ስደርስ ገመቹ ራሱ ከበሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ዝናብ ይወርድበታል። ከውስጥ የኦቦ ቶሎሳ ድምፅ ልጆቹን ያስቆጥራል።

«ምን ሆነህ ነው?» አልኩት።

«አርፍጄ ነው፣ አዴ አስካለ። መንገድ ተዘግቶ።»

«ቤቱ ያንተ አይደለም እንዴ?»

«የኔ ነው።»

«ቁልፉስ?»

ከኪሱ አውጥቶ አሳየኝና መልሶ ከተተው። ጃንጥላዬን ላካፍለው ስል ራቅ ብሎ ተቀመጠ። «ይረጥባሉ» አለኝ። እንዲህ ያለ ሰው ነው እንግዲህ። ያን ቀን ወደድኩት፤ ስለወደድኩትም ነው በኋላ የባሰ የተናደድኩበት። በራሱ ላይ የሚፈርድ ሰው በሌላው ላይ አያዳላም ብዬ ነበር።

ቀበቶው ነው ያጣላን። ጀማሪው ነጭ ያስራል። ከዚያ ሰማያዊ፣ ከዚያ ሐምራዊ፣ ከዚያ ቡናማ፣ መጨረሻ ጥቁር። ሐምራዊው መሐሉ ነው፤ እሱን ያሰረ ሰው ሌላውን ማስተማር ይጀምራል። ሃና ሰማያዊውን አስራ ብዙ ቆየች፤ ጫፉ ተበጣጥሶ ክር ክር ሆነ። በዚያ ሰሞን ቡራዩ ላይ አንዲት ሴትዮ ለሴት ልጆች የሚሆን አዳራሽ ልትከፍት ነበርና ሃናን ስትታገል አይታ ወደደቻት። «ሐምራዊውን ትሰር እንጂ ሥራው የሷ ነው» አለች። በሌላ በኩል ደግሞ ወንድሜ ጌታቸው ሆለታ የአበባ እርሻ ውስጥ አበባ የሚታሸግበት ቀዝቃዛ ክፍል ሥራ አገኘላት። «ከፋሲካ በኋላ ትጀምር» አለ። ሃና «እሺ አጎቴ» አለችው። ለሁሉም እሺ ናት። እኔ ግን ፊቷን አያለሁ። «እሺ» ያለች ቀን ራቷን አልበላችም፤ ሰማያዊውን ቀበቶ ጭኗ ላይ አድርጋ ክሩን ስትጎለጉል አመሸች። ፋሲካ ሳይደርስ ቀበቶውን ካላገኘች ያን ሁሉ ዓመት የለፋችበት እዚያ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ሊቀር ነው።

በዚህ መሐል ሐምራዊው ናሆም ለሚባል ልጅ ታሰረለት። ከሃና ኋላ የመጣ፣ ሃና በየቀኑ የምትጥለው ናሆም። እጄን አጨብጭቤ ቤቴ ገባሁ፤ በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩ። ገመቹ በበረኪና ውሃ ምንጣፉን ይወለውላል። ወለል መወልወል ለማንም ሰጥቶ አያውቅም።

«ጫማዎን» አለኝ።

«አልገባም፤ በር ላይ ሆኜ ነው የምጠይቅህ። ናሆም የመጣው ከሃና በኋላ ነው አይደል?»

«አዎ።»

«ሃና ትጥለዋለች ወይስ አትጥለውም?»

«ትጥለዋለች።»

«ቀርታ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«ታዲያ ቀበቶዋ የት አለ?»

ጆሮውን አሻሸ። «ገና ናት።»

«ምኗ ነው ገና? እጇ ነው? እግሯ ነው? ወይስ ሴትነቷ?»

«ሴትነቷ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ገና ናት፣ አዴ አስካለ» አለና መወልወያውን እያንሸራተተ ወደ ዳር ሄደ። ከዚያ በኋላ ብጮህ ከሸራው ጋር ነው የማወራው።

ጠረጠርኩ። የናሆም አባት ከቀበቶው ቀን በፊት ሙክት በግ እየጎተተ ወደ አዳራሹ ሲሄድ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ሳላጣራ ሰው አልከስም፤ ስለዚህ የናሆምን እናት ቤቷ ሄጄ ጠየቅኳት። ሴትዮዋ ፊቷ ቀላ። በጉ በማግስቱ ተመልሷል። ገመቹ ራሱ ጎትቶ አምጥቶ ግቢያቸው በር ላይ አስሮ፣ «ልጃችሁ ደህና ይታገላል፤ በጉ ግን ምንም አልተማረም» ብሎ ሄዷል። ጉቦ በልቶ ቢሆን እኮ እፎይ ባልኩ ነበር፤ በምን እንደምከሰው አውቅ ነበር።

በመጨረሻ ያገኘሁት ታክሲ ውስጥ ነው። ከሰበታ ወደ አየር ጤና የሚሄድ ሚኒባስ ገብቼ ስቀመጥ ገመቹ መስኮቱ ጋ ተቀምጧል። አጠገቡ ተሸጎጥኩ፤ በእኔ ላይ ተራምዶ ካልሆነ መውጫ የለውም። መኪናው ሲነሳ ድምፄን ከፍ አደረግሁ።

«ወገኖቼ፣ አንድ ፍርድ ስጡኝ። አንድ አስተማሪ አንዲትን ተማሪ ለዓመታት ይጥላታል። ለምን ጣልካት ሲባል አይናገርም። ይሄ ልክ ነው?»

«ልክ አይደለም» አለች ከፊቴ ነጠላ የለበሰች ሴት፣ ዞር እንኳ ሳትል።

ከኋላ ክራቫት ያሰረ ሰውዬ «ፈተናው ይታይላት» አለ።

«የት ነው ያለው አስተማሪው?» አለ ረዳቱ።

«ይኸው» ብዬ በክርኔ ጎሸምኩት። ገመቹ አንገቱን ቀበረ።

«ባላየ አትለፈን እንጂ፣ ኦቦ» አለ ረዳቱ፤ «ሴትየዋ እኮ እስከ አየር ጤና አይለቁህም። እኔም ሒሳብ እየሰበሰብኩ እሰማለሁ።»

ገመቹ መስኮቱን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። «እሺ» አለ። «ኦቦ ቶሎሳን ያውቁታል።»

ማን አያውቀውም። ፈትል ፋብሪካ ውስጥ ፎርማን ነው፤ ሐኪም ለወገብህ ስፖርት ሥራ ቢለው ሌላው ሰው የእግር ጉዞ ሲጀምር እሱ በሽምግልናው ጁጂትሱ ጀመረ። ሰማያዊ ቀበቶ አለው፤ በእሱም ከልጆቹ ሠርግ ይልቅ ይኮራል።

«ሃና የቶሎሳን አንገት ትይዛለች» አለ ገመቹ። «አጥብቃ ትይዛለች። ከዚያ ትለቃለች። ሳይመታ ትለቃለች። ያመለጠ ይመስለዋል።»

«ሽማግሌ ልታንቅ ነው እንዴ ታዲያ?» አለች ነጠላ የለበሰችው። «አሳዳጊ ያላት ልጅ ናት።»

«እኔ ነኝ ያሳደግኳት» አልኩ።

«ትደግልሽ» አለችኝ።

«እኩያዋን አትለቅም» አለ ገመቹ። አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተገተረ፤ ይህን ያህል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። «ናሆምን አትለቅም። ትልቅ ሰው ሲሆን ግን ታዝንለታለች፤ እሷ ማክበር ይመስላታል። ቶሎሳ ሦስት ልጆች ያሳደገ፣ ፋብሪካ የሚያንቀሳቅስ ሰው ነው። በቃኝ ማለት አያውቅም? እሷ ትወስንለታለች። ከዚያ ደግሞ አሸነፍኩ ብሎ ቤቱ ይሄዳል። ውሸት ነው።»

ክራቫት ያሰረው «እሱስ ነገር አለው» አለ።

እኔ ውሸት አልወድም። አፌ ግን አልተረታም። «ሰማሁህ። ታዲያ ይህን ለልጅቷ ለምን አልነገርካትም? የተከሰሰበትን ሳያውቅ የሚፈረድበት ሰው የት አገር አለ?»

«ብነግራት እሺ ትለኛለች።»

«እና?»

«እሺ ማለቷ እኮ ነው ችግሩ። ለቶሎሳ ብላ እንደምትለቀው ሁሉ ለኔ ብላ ታንቀዋለች። ያው ናት።»

ረዳቱ ራሱን ነቀነቀ። «እማማ፣ ይሄን ፍርድ ቤትም አይፈታው» አለኝ። ገመቹ «ወራጅ አለ» ብሎ ካሰበበት ቦታ ቀድሞ ወረደ፤ እንዳመለጠኝ ዛሬም አምናለሁ።

ነገርኳት። ገመቹ ምንም ይበል፣ ክሱን ማወቅ መብቷ ነው። ማጀት ውስጥ ሽንኩርት ስትልጥ አጠገቧ ቆሜ «ኦቦ ቶሎሳን ሳይመታ አትልቀቂው፤ ቀበቶ ያስከለከለሽ መልቀቅሽ ነው» አልኳት። ቢላዋውን አስቀምጣ ሰማችኝ። «እሺ እምዬ» አለችኝ። ያቺ «እሺ» እንደዚያን ቀን ጆሮዬን ወግታኝ አታውቅም።

በማግስቱ አግዳሚዬ ላይ ነበርኩ። ሃና የኦቦ ቶሎሳን አንገት ያዘች። ሽማግሌው እንደ ልማዱ ትለቀኛለች ብሎ ተንፈራገጠ። አልለቀቀችም። ፊቱ ቀላ፤ ዓይኑ ወጣ፤ በመጨረሻ ሸራውን በመዳፉ መታው። ቀና ሲል እንደ ተከዳ ሰው ነበር የሚያየው። «ዛሬ ምን ነካሽ?» አላት። እሷ ግን እሱን አልሰማችውም። ዞራ እኔን ታያለች፤ ደግ ሠራሁ እንደሚል ልጅ። ከዚያ ገመቹን አየች።

ገመቹ እሷን ትቶ ወደኔ መጣ። «ነገሯት።»

«ነገርኳት። ሐቅ ነው።»

«ገና ናት» አለኝ።

ጫማዬን አንስቼ ልወረውርበት ነበር። ስታውቅ ጥፋት፣ ሳታውቅ ጥፋት። እንዲህ ያለ ዳኛ አጋጥሟችሁ ያውቃል? ቤቴ ገብቼ ማታውን ብቻዬን ስከራከር አመሸሁ፤ ሃናም ስትከራከረኝ ብታመሽ እመርጥ ነበር፤ እሷ ግን ሻይ አቀረበችልኝ።

ከዚያ ገመቹ ታመመ። ጉበቱ ነው አሉ። ጾሙ ሲጋመስ ያ ወፍራም አንገቱ እንደ ሕፃን አንገት ቀጠነ፤ የዓይኑ ነጭ እንደ ተልባ ዘይት ቢጫ ሆነ። ሥልጠናውን ኦቦ ቶሎሳና ናሆም ይዘውት ከረሙ። ወንድሜ በየሳምንቱ እየደወለ «ልጅቷ ተዘጋጀች?» ይላል፤ የቡራዩዋ ሴትዮ ደግሞ «ሌላ ሰው ልፈልግ?» ትላለች። እኔ መሐል ቆሜ ሁለቱንም ጠብቁ እላለሁ። ሃና ልብሷን ማጣጠፍ ጀመረች። የምትወስደውን ሻንጣ ሳይ «አትሄጂም» ልላት አፌ ላይ ደረሰ፤ ያንንም «እሺ» ትለኛለች ብዬ ተውኩት።

ከሆሳዕና በፊት ባለው ቅዳሜ ጠዋት ገመቹ መጣ። ነጩን የትግል ልብስ ለብሷል፤ ሌላ ሰው የሰጠው ይመስል ተንጠልጥሎበታል። ምንጣፉ መሐል ተንበርክኮ «ዛሬ ከሁላችሁም ጋር እታገላለሁ» አለ። ማን ደፍሮ በሽተኛ ይነካል። ናሆም መጣና በትንሽ በትልቁ ይወድቅለት ጀመር፤ ገመቹ ገፍትሮ «ውጣ» አለው። ኦቦ ቶሎሳ መጣና አንገቱን አቅፎ አለቀሰ። «አንተም ውጣ» አለው። ልጆቹ ተራ በተራ ገቡ፤ ተራ በተራ ተባረሩ። ሃና ቀረች።

ያዘችው። ቀስ ብላ ከጀርባው ገባችና ክንዷን አንገቱ ሥር አሳለፈች። ገመቹ «ጎኔን» ብሎ አቃሰተ። ክንዷ ላላ። ያ እባብ ሰውዬ ያን ጊዜ ተገለበጠና ኮሌታዋን ይዞ እሷኑ አነቃት። መታች። ለቀቃትና ምንም ሳይል እንደገና ተንበረከከ። የሰውየውን ሆድ ያወቅሁት ያኔ ነው፤ ሊሞት ተቃርቦም ማታለሉን አልተወም። ተናደድኩ።

እንደገና ተያያዙ። አሁን ያለው ጉልበት ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ሁለት ጊዜ አመለጣት። ሦስተኛው ላይ ጀርባው ላይ ወጥታ አንገቱን ያዘች። «ጎኔን» አለ እንደገና። ድምፁ አሁን ሌላ ነው። ልጆች አሳድጌያለሁ፣ በሽተኛ አስታምሜያለሁ፤ የውሸትና የእውነት ሲቃ አይጠፋኝም። ከአግዳሚዬ ተነሳሁ።

«ሃና፣ ልቀቂው። ሰውየው በሽተኛ ነው።»

አልለቀቀችም።

«ልቀቂው እላለሁ፣ አንቺ ልጅ።»

ኦቦ ቶሎሳም ተነሳ። ጫማዬን እንዳደረግሁ ሸራው ላይ ወጣሁ፤ በዚያ ቤት ይህን የደፈረ የለም። ሃና ግን ዞራ አላየችኝም። ዓይኗ ገመቹ እጅ ላይ ነበር፤ እጁ ላይ ብቻ። እጁ አየር ላይ ቆየ፣ ቆየ፤ ከዚያ ወርዶ ክንዷን መታ መታ አደረገ። እዚያው ቅጽበት ለቀቀችው፤ ደግፋ በጎኑ አስተኛችው።

«ደህና ነዎት?» አለችው።

ትንፋሹን እስኪያገኝ ብዙ ቆየ። «ሁለተኛው እውነቴን ነበር» አለ። «ጎኔን ያልኩት።»

«አውቄያለሁ» አለች ሃና። «እውነትም ቢሆን መምታት ያውቃሉ። መምታቱ የርስዎ ነው። የኔ መጠበቅ ነው።»

ይህን ማንም አልነገራትም። እኔ አልነገርኳትም፤ እሱም አልነገራትም። ገመቹ ተኝቶ ጣሪያውን እያየ ፈገግ አለ፤ ከዚያ ቶሎሳን በጣቱ ጠራና ከጃኬቱ ውስጥ ሐምራዊውን ቀበቶ አስመጣ። ይዞት ነው የመጣው ማለት ነው። እኔ እዚያው ሸራው ላይ ቁጭ አልኩ።

«ሁለታችሁም ጤነኛ አይደላችሁም» አልኳቸው።

«ጫማዎን» አለኝ ገመቹ።

ሃና ቀበቶውን ስታስር ሌሎቹ አጨበጨቡ። እኔ አላጨበጨብኩም። ገና እየተናደድኩ ነበር፤ ሐቄን ለማግኘት ሰው መሞት አለበት እንዴ?

ያን ሳምንት ወንድሜ ደወለ። «ፋሲካ እንዳለፈ ማክሰኞ መኪና እልካለሁ፤ ቦታውን ለሌላ ሊሰጡብኝ ነው» አለኝ። ጌታቸው ታናሼ ነው፤ ግን ቤት ስለውጥም፣ ልጄ ስትሄድም ያልተለየኝ እሱ ነው። ለማንም የማልበገር ሴት ነኝ እያልኩ፣ ለእሱ ግን አፌ ይተሳሰራል። «እሺ፣ እንግዲህ...» ማለት ስጀምር ሃና እጇን ዘረጋች።

«ስልኩን ስጪኝ፣ እምዬ።»

ሰጠኋት። ቆማ ነው ያናገረችው። «አጎቴ፣ ስላሰቡልኝ እግዜር ይስጥልኝ። አልመጣም። ቡራዩ ማስተማር ልጀምር ነው።» ከዚያ ያለውን ሰማች፤ ብዙ አለ። አላቋረጠችውም፤ አልተለሳለሰችም። ሲጨርስ «ገብቶኛል፣ አጎቴ። አልመጣም» አለችና ስልኩን መለሰችልኝ።

«ምን ዓይነት ልጅ ነው ያሳደግሽው?» ይላል ጌታቸው።

«ሰምተሃታል» አልኩት። ስልኩንም ዘጋሁ።

ወዲያው ነጠላዬን አንስቼ ገመቹ ቤት ሄድኩ። ሚስቱ አስገባችኝ። ግድግዳውን ተደግፎ ፍራሽ ላይ ተቀምጧል፤ ብርድ ልብሱ እስከ አገጩ ነው። ሰላምታ እንኳ አልሰጠሁትም።

«ልጄን አበላሸህብኝ። አጎቷን እንቢ አለችው። ወንድሜ ዓመት ሙሉ ሊያኮርፈኝ ነው። እስከ ዛሬ እሺ ስትል የኖረች ልጅ።»

«በራሷ አፍ ነው?» አለኝ።

«በራሷ አፍ ነው እንጂ። ስልኩን ከእጄ ወስዳ።»

ዓይኑን ጨፈነ። «ገለቶማ፣ አዴ አስካለ» አለኝ በኦሮምኛ፤ አመሰግናለሁ ማለቱ ነው።

«እኔን አታመስግነኝ። ተቆጥቼ ነው የመጣሁት። ያን ሁሉ ዓመት ባታንገላታት ምን ነበረበት? አንዲት ቃል ብትተነፍስ ምን ነበረበት? ለኔስ ይቅርታ አይገባኝም?»

«አልጠይቅም» አለ።

«ለምን?»

«አላጠፋሁማ።» ከዚያ በቀጭን እጁ አጠገቡ ያለውን በርጩማ ወደኔ ገፋ። «ግን ይቀመጡና ይቆጡ። መንገዱ ሩቅ ነው።»

ተቀመጥኩ። ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ ተቆጣሁት።